ዶክተሩ የተሞሸረ ዕለት

ታኅሣሥ 28

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለሚጣ፤

ሰላምታዬ ከነፋስ ቀድሞ ደጅሽ ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ዛሬም ከስፌት መኪናው ላይ የምትነሺው ወገብሽ ሲቆረጥ ነው? እኔ አምላክ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። የምጠብቃቸው አሮጊትም ደህና ናቸው። ልጃቸውን ፈቃድ ብጠይቃት «አንቺ ከሄድሽ ማን ያገላብጣቸዋል? ሌላ ሰው አያስነኩም» ብላ ዘጋችኝ። ተለማመጥኳት፣ አለቀስኩላት፤ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነብኝ። እንግዲህ የአንድ ልጄን ሠርግ በሰው ዓይን ላየው ነው።

ምንስ እላለሁ። ልጁን ገና ጥርሱን ሳይቀይር ላንቺ ትቼው ወጣሁ። ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ወንበሬ ላይ አንቺ ተቀመጪ፤ ሰው ሲስምሽም የእኔን ድርሻ ጨምረሽ ተሳሚ።

እዚህ ያሉት የእኛ ሰዎች ሁሉ ልጃችን ወንጀል የሚያወጣ ዶክተር ሆኖ የሚሠራበትን ድራማ በስልካቸው ይከታተላሉ። ስሜን ትተውት «የዶክተሩ እናት» ነው የሚሉኝ። ባለፈው እሑድ አንዲት ሴትዮ የጉልበቷን ራጅ ይዛ መጥታ «ልጅሽ እስቲ ይየው» አለችኝ። ኧረ እሱ ተዋናይ ነው፣ ሐኪም አይደለም አልኳት። «ቢሆንስ? ሌላው ሐኪም በሽታውን ነው የሚነግርሽ፤ እሱ ያሳመመሽን ሰው አንገቱን ይዞ ነው የሚያወጣልሽ» አለች። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። መልሱንም ላከልኝ፤ በረዶ ያዢበት አላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ።

አደራሽን፣ ቪዲዮውን ቶሎ ላኪልኝ። ስልክ እንደሆነ እኔ እያለቀስኩ አንቺ «አይዞሽ» እያልሽ ካርዱ ያልቃል፤ ወሬ የሚገኘው ከደብዳቤሽ ነው። የሙሽሪትን ቀሚስ፣ የአባቷን ንግግር፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ለቀሚስሽ የሚሆን ትንሽ ነገር በሰው ልኬያለሁ። ጨርቁን ደህና አድርገሽ ግዢ፤ ቁጠባሽን ለሌላ ቀን አድርጊው።

ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው።
ታላቅ እህትሽ


ጥር 30

ለእትዬ፤

ሥራዬ ይቆየኝና ሰላምታዬ ይቅደም። እንደምን ከረምሽ? ብርዱስ? የአሮጊቷ ልጅስ ለሰው መራራት ጀመረች? እኔ ደህና ነኝ፤ እህል ይገባኛል፣ እንቅልፍም አልፎ አልፎ ይመጣል። ደብዳቤዬ ዘገየ ብለሽ አትቆጪ። ከሠርጉ በኋላ ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ ነው።

ሠርጉ ጥሩ ነበር። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሩን ሁሉ ነጭ ጨርቅ አልብሰውት ሰው ሁሉ ሙሽራ ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ምራታችን አስተማሪ አይደለች? ፎቶ አንሺውን «አንተ፣ ቀጥ ብለህ ቁም» ስትለው ሞተን ልንቀር። ቀሚሷ ከጀርባው ስፌቱ ጠማማ ነበር። ማንም አላየውም፣ እኔ አየሁት፤ ዝም አልኩ። ልጃችን ኮቱ ልክክ ብሎበታል። አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ «ዶክተር፣ ዶክተር» እያሉ አብረውት ፎቶ ሲነሱ ሙሽሪት ለብቻዋ ቆማ ቀረች። እሷም ሳቀች። ደግ ልጅ ናት።

የአባቷን ንግግር ጻፊልኝ ብለሽኝ ነበር። ባለቆርቆሮው፣ አባቷን ማለቴ ነው፣ ቆርቆሮ ስለሚሸጡ እዚህ ሰው እንደዚያ ነው የሚላቸው፣ ሊናገሩ ወረቀታቸውን ይዘው ነበር። ትንሽ አመማቸውና ሳይናገሩ ቀሩ። አሁን ሐኪም ቤት ናቸው፤ ይሻላቸዋል ይላሉ። በዚህ የተነሳ ሠርጉ ቀደም ብሎ ተበተነ። ሌላ ይህን ያህል ወሬ የለም።

ቪዲዮው ገና እጄ አልገባም። ሲገባ እልካለሁ። ቀሚሱን በላክሽው ሰፋሁት፣ አምሮብኝ ነበር። ጫፉ ላይ የሲሚንቶ ወለል እድፍ ይዞ አልለቅ ብሎኛል። በምን እንደሚለቅ ታውቂ እንደሆነ ጻፊልኝ።

አምላክ ደግ ደጉን ያሰማን።
ሚጣ


የካቲት 9

ለእህቴ፤

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና አይደለሁም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ለልጄም ለእህቴም ባዳ ሆነ። ወሬውን የሰማሁት ከማን መሰለሽ? ከዚያችው ጉልበቷን ከሚያማት ሴትዮ። ስልኳን አምጥታ አፍንጫዬ ላይ ደቀነችው። አንቺ አለሽበት። ለሰው ጀርባሽን ሰጥተሽ ብርጭቆ ታማስያለሽ። ከዚያ ሰውየው ወድቀዋል። ከዚያ ሁለት ፖሊሶች ክንድሽን ይዘው፣ ያ እኔ ጨርቁን ደህና አድርገሽ ግዢ ያልኩሽ ቀሚስ መሬት ሲጎተት ይታያል። አገር ምድሩ ያየውን እኔ እናቱ «ትንሽ አመማቸው» ተብዬ ቀረሁ?

ልጄ ጋ ደወልኩ። ድምፁ እንደ በሽተኛ ነው። «እማዬ፣ አትጠይቂኝ፤ መርማሪዎቹ ይዘውታል» አለኝ።

ሚጣ፣ አንድ ሆድ ያበቀለን ነን። እንደ እህት ልጠይቅሽ፣ እንደ እህት መልሺልኝ። ምን ነበር ያማሰልሽው? ልጁን ከልክ በላይ እንደምትወጂው አውቃለሁ። ሰው ያሳደገውን ሲነጥቁት አእምሮው ይናወጣል፤ አይፈረድበትም። ብቻ እውነቱን ንገሪኝና እኔ እቀበለዋለሁ። ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ነገ እልካለሁ።

ታላቅ እህትሽ


መጋቢት 4

ለእትዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የላክሽውን የጠበቃ ገንዘብ በመጣበት ሰው መልሼዋለሁ። ጠበቃ ወንጀለኛ ያቁም።

«ምን አማሰልሽ» ነው ጥያቄሽ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን መቀስ አልያዝኩም። ፖሊሱ ጠየቀኝ፣ ሥራው ነው። ሰፈርተኛው ጠየቀኝ፣ አመሉ ነው። አንቺ ስትጠይቂኝ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። በይ ነገርን ከሥሩ ልንገርሽ።

ኬኩ ሊቆረጥ ሲል ባለቆርቆሮው ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው «እህቴ፣ ራሴን ሊፈልጠው ነው» አሉኝ። ከኪሳቸው የራስ ምታት ክኒን አወጡ። ደረቁን መዋጥ አይሆንላቸውም። ሚስታቸው ካየች ደግሞ ሠርጉን ትታ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ ትነሳለች። «ጁሱ ውስጥ በጥብጭልኝ፣ ለማንም እንዳትናገሪ፤ የልጄን ቀን አላበላሽም» ብለው ቃል አስገቡኝ። ዞር ብዬ በጠበጥኩ። ቪዲዮ አንሺው ከሰው ሁሉ እኔን መርጦ ያን ጊዜ መቅረጽ።

ጠጡት። ንግግራቸውን ሊያደርጉ ተነሱ፣ ወረቀቱን ገለጡ፣ ብርጭቆው ከእጃቸው አመለጠ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ሴቶቹ «ዶክተር፣ ኧረ ዶክተር» ሲሉ ያ ሁሉ ሕዝብ ወደማን ዞረ መሰለሽ? ወደ ሙሽራው። ወደ በር ሄዶ ለአምቡላንስ የደወለ አንድ አስተናጋጅ ብቻ ነበር።

ልጃችን ብድግ አለ። እኔ ደንግጦ ይቆማል ብዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ የዓይናቸውን ቆብ ገለጠ። ብርጭቆውን በመሀረብ አንስቶ አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ በዚያ ሁልጊዜ በድራማው መጨረሻ በምንሰማው ድምፅ «ከዚህ ክፍል ማንም አይወጣም» አለ። ሰው አጨበጨበ እትዬ። ለሠርጉ የተዘጋጀ ትርኢት መስሎት አጨበጨበ።

የሙሽሪት ወንድም አባቱን አቅፎ ወደ መኪና ሊያወጣ ሲል «አትንኩት፣ ማስረጃ ይጠፋል» አለው። ልጁ ታዞ አባቱን መልሶ አስተኛ። የአዳራሹ ጥበቃዎች በሩን ቆለፉ፤ እነሱም ድራማውን ያያሉ። አምቡላንሱ መጥቶ ውጭ ይጮኻል፣ ጥበቃው በመስኮት «ዶክተሩ ማንም አይግባ ብሏል» ይላል። ሐኪሞቹን የመለሷቸው በሐኪም ስም ነው። ሰውየው ወለሉ ላይ ሆነው ያዩናል፤ ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚሠራው።

በዚህ መሀል ቪዲዮ አንሺው «እሷ ስታማስል ይዣታለሁ» ብሎ ጮኸ። ልጃችን ወደ እኔ መጣ። አክስቴ አላለኝም። «ሴትዮ፣ ምን ጨመርሽበት?» አለኝ። ቃል ገብቻለሁ፣ ሰውየውም እያዩኝ ነው። «ምንም» አልኩ። በሩ የተከፈተው ፖሊሶች ሲደርሱ ነው፤ ሰውየውን አምቡላንሱ፣ እኔን ፖሊሶቹ ወሰዱ። በማግስቱ ለመርማሪው ክኒን ነው ስል «ትናንት ምንም፣ ዛሬ ክኒን፣ ነገስ ምን ልትይ ነው?» አለኝ። የጣቢያው ሲሚንቶ ላይ በቀሚሴ አደርኩ፤ በሁለተኛውም ቀን አደርኩ። የእድፉ ነገር ይሄ ነው። በዋስ ያወጣኝ ቁልፍና ክር የሚሸጥልኝ ጎረቤቴ ነው እንጂ ዘመድ አይደለም። ልጃችን አልመጣም።

አሁን ደንበኛ የለም። የሰጡኝን ጨርቅ ሳይሰፋ መጥተው ወሰዱ። አንዷ ለጓደኛዋ «መርፌዋም መርዝ ሳይኖረው አይቀርም» ስትል ሰማኋት። የሰፈሩ ሕፃናት «ማንም አይወጣም» እያሉ በሬን ከውጭ ይይዙብኛል። ሠርጉ ላይ ያበድኩት ልጁን ለሌላ ሴት መስጠት አቅቶኝ እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። አንቺም ያን ነው የጻፍሽልኝ፤ ብቻ አንቺ አሳምረሽ ጻፍሽው።

ከልጁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በዚያ በለመደው አደባባይ ቆሞ «አክስቴ ምንም አላደረገችም» ይበል። ሌላ አልጠይቀውም።

ሚጣ


ሚያዝያ 2

ለውድ እህቴ ለሚጣዬ፤

ያዘነን የሚያጽናና፣ የተጣላን የሚያስታርቅ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እንዴት ነሽ? እኔ ዛሬ ደህና ነኝ፤ ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በምርመራው መርዝ የሚባል ነገር እንዳልተገኘ ልጄ ነገረኝ። ሰውየው ለረጅም ጊዜ የቆየ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ስር ተበጥሶ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ። ክሱም ተዘጋ። እኔ ባልኩሽ ቃል አትቀየሚኝ፤ እናት ስትደነግጥ ምኑን ከምን ታገናኘዋለች።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ትናንት ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ የተናገረው ነው። እዚህ ሰብሰብ ብለን አየነው። ጋዜጠኛዋ ስለ ሠርጉ ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ። ከዚያ «በጣም ተጎድቻለሁ። ግን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ይቅር ብያታለሁ፤ እናንተም ይቅር በሏት» አለ። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። ያቺ የጉልበት ሕመምተኛ «እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ማህፀን ይባረክ» ብላ ሳመችኝ።

እንግዲህ ሚጣዬ፣ አንቺም ቂም አትያዢ። ቤቱ ሂጂ፣ ጉንጩን ሳሚው፣ ምራታችንንም አቀፍ አድርጊያት። ስለ ይቅርታው አመስግኚው። ደንበኞችሽም ይመለሳሉ። አባትየው መናገር ጀመሩ ወይ? እሱን ብጠይቀው ቶሎ ወሬ ይቀይርብኛል።

እወድሻለሁ።
ታላቅ እህትሽ


ሚያዝያ 19

ለእትዬ፤

እንዴት ነሽ?

ይቅር ብሎኛል። እኔም አየሁት፤ ክር ሻጩ ጎረቤቴ ጋ ቁጭ ብዬ። ጎረቤቴ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋው ሲነሳ ተወው አልኩት። ውሻ እንኳን በበላበት ይጮኻል እትዬ። ባልሠራሁት በደል ይቅር ተብዬ አሁን በደለኛ መሆኔ ጸደቀ። ድሮ ሰዉ ይጠረጥረኝ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ግን አንዷ መንገድ ላይ አስቁማ «እግዜር ይቅር ይበልሽ፣ ልጁ እንኳን ይቅር ብሎሻል» አለችኝ። መርዝ አልተገኘም የሚለውን ቃል ደግሞ ከአፉ አላወጣውም። አስተውለሽ ነበር?

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ሆዴ ግን ከዚህ በላይ አልችል አለ። አንድ ሰው ይወቅልኝና ልሙት። ያ ሰው አንቺ ሁኚ።

ባለቆርቆሮው ያን ክኒን ሲሰጡኝ «ያንቺ ልጅ ያዘዘልኝ ነው» ብለውኛል። ሰው እንዳይስቅባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያሉኝ። ከሠርጉ በፊት ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ግራ እጃቸውም ሲደነዝዛቸው፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ ይሏቸዋል ቤተሰቦቻቸው። እሳቸው ግን አማቻቸው ዶክተር አይደል? ወደ እሱ ሄዱ። እሱም እንደ ድራማው ዓይናቸውን አየ፣ የእጃቸውን ምት ያዘ፣ «ድካም ነው አባባ፣ ሐኪም ቤት ምን ያደርግልዎታል፣ ይህን ክኒን ይውሰዱ» አላቸው። ሰውየው ታዘዙት። አባባ ሲላቸው ደስ ብሏቸው እንደነበር ነገሩኝ።

በአዳራሹ ውስጥ «ምን ጨመርሽበት» ብሎ ከመጮሁ በፊት ሌላ ነገር ነበር። ቪዲዮው ላይ የለም፤ አጠገቤ ደርሶ ነበርና ጀርባው ይሸፍነዋል። የክኒኑ ልጣጭ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ማሸጊያው፣ መዳፌ ውስጥ ነበር። እንዲገባው ብዬ ከፈት አድርጌ አሳየሁት። በልቤ «ልጄ፣ ያንተው ክኒን ነው፣ በሩን አስከፍት፣ ሰውየውን ውሰዷቸው» እላለሁ። አየው። አወቀው። ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ያን ፊት ትኩሳት ሲይዘው ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዚያ ልጣጩን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጮኸብኝ።

መርማሪው ልጣጩ የት አለ ሲለኝ ጣልኩት አልኩ። ማን አዘዘላቸው ሲለኝ አላውቅም አልኩ። ሙሽራ ነው፤ ዕድሜው ገና ነው፤ እኔ ደግሞ ሲሚንቶውን እችለዋለሁ ብዬ ነው። ይመጣል ብዬም ነው። አንድ ቀን በር ቆርቁሮ ይገባና «አክስቴ» ይለኛል፣ እኔም እሺ እለዋለሁ እያልኩ።

ባለቆርቆሮው አልተናገሩም። ቀኝ እጃቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሉትን ይሰማሉ አሉ። ሐኪሞቹ ራስ ምታቱ ሲጀምር መጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ዕለትም ቶሎ ደርሰው ቢሆን ኖሮ ብለዋል። ሁለቱም «ቢሆን ኖሮ» ልጅሽ ደጃፍ ነው የሚቆሙት።

ለማንም አልተናገርኩም። ላንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ሚጣ


ሰኔ 26

ለእህቴ፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። መልሴ እንደዘገየ አውቃለሁ። ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፤ ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ ቀደድኩ።

አመንኩሽ። ልጄ ጋም ደወልኩ፤ ያወቅሁትን ግን አልነገርኩትም፣ «ያን ዕለት በሩን ለምን አስቆለፍክ?» ብቻ አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ አለቀሰ። «እማዬ፣ ደንግጬ ነው፤ አንዴ ከጀመርኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ» አለኝ። ስለ ክኒኑም ስለ ልጣጩም አንድ ቃል አላነሳሁበትም፣ አንቺ እንደጻፍሽልኝም አልነገርኩትም። እናቴ አታውቅም ብሎ ያምናል። እንደዚያው ይመን።

አሁን የምልሽን በጥሞና ስሚኝ። ምራታችን ነፍሰ ጡር ናት። የአባቷን ነገር ካወቀች አንድ ቀን አብራው አታድርም። ወንድሞቿ ምን እንደሚያደርጉት አንቺ ታውቂያለሽ። ድራማውንም ያስወጡታል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሙያ የለውም። ቤቱ ይፈርሳል፣ ስሙ ይጠፋል፣ የልጅ ልጄ ያለ አባት ያድጋል። እንደ እሱ ሊያድግ ነው ሚጣ።

አንቺ ግን ብቻሽን ነሽ። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። የሚፈርስብሽ ነገር የለም። ክሱ ተዘግቷል፤ ሰው ወሬ ይረሳል። እስከ ዛሬ የቻልሽውን ትንሽ ጨምረሽ ቻይው። ከፈለግሽም ሰፈር ቀይሪ፤ የቤት ኪራዩን እኔ እልካለሁ፣ በየወሩ ሳላጓድል። ላሳደግሽው ስትይ አይደለም፤ ለእኔ ስትይ ነው የምለምንሽ። እግርሽን ስሜያለሁ።

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ አቃጥይው።

እህትሽ


ሐምሌ 11

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤና ይስጥሽ።

ያንን ልነግርሽ ስጽፍ ለሌላ ለማንም ለመናገር አላሰብኩም ነበር። በዓይኔ ብርሃን እምልልሻለሁ። አንቺ «እህቴ፣ ተጎድተሻል» ብትይኝ፣ ያን ብቻ ብትይኝ፣ ከእኔ ጋር መቃብር ይወርድ ነበር። የልጅሽንም ነገር ልጄ ነው ብዬ እሸፍነው ነበር። ግን ልጅ እንደሌለኝ ጻፍሽልኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ጽሕፈትሽ እንደ ድሮው ያምራል።

በማግስቱ ፊቴን ታጥቤ ባለቆርቆሮው ቤት ሄድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ሙሽሪት አባቷን ልታስታምም ከነባሏ እዚያው ገብታለች፤ በሩን ራሷ ከፈተችው። ሆዷ መታየት ጀምሯል። አላባረረችኝም፤ «ይግቡ» አለችኝ። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ናቸው፣ በጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎላቸዋል። ሲያዩኝ ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳ። ልጅሽ ሶፋው ላይ የሚቀጥለውን ክፍል ያጠናል። ወረቀቱን አጠፈና ብድግ አለ።

«አንድ ነገር ተናግሬ እሄዳለሁ፤ ውሸት ከሆነ አባትሽ ምስክር ናቸው፣ እጃቸው ይሠራል» አልኳት። ቁጭ በይም አላልኳት፤ ነፍሰ ጡር መሆኗን ረሳሁት፣ እሷ ራሷ ተቀመጠች። የራስ ምታቱን፣ የእጃቸውን መደንዘዝ፣ ማን እንዳየላቸውና ማን ሐኪም ቤት አያስፈልግም እንዳላቸው፣ የልጣጩን ነገር፣ ሁሉንም ነገርኳት። 

አልጮኸችም። አባቷ ፊት ተንበርክካ «አባዬ፣ እውነት ነው? እውነት ከሆነ እጄን ያዘኝ» አለቻቸው። ያዟት። አልለቅ አሉ፤ ጣቷ እስኪነጣ ያዟት። እንባቸው በዚያ በማይሠራው ጉንጫቸው በኩል ሲወርድ አላወቁትም፣ እሷ ጠረገችላቸው። «ወለሉ ላይ ሆነህ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ልጅሽ ሳትዞር «ውጣ» አለችው። ክፍል ውስጥ ያስቸገረ ተማሪ እንደምታስወጣ፣ እንደዚያ።

ደጁ ላይ ደረሰብኝ። በነጠላ ጫማ ነው የወጣው፣ ኮት እንኳ አልደረበም። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። «አክስቴ» አለኝ። ስንት ወር የጠበቅኩት ቃል ነው፣ ያኔ መጣ። ቀጥሎ ይቅርታ የሚል መስሎኝ ቆምኩ።

«እማዬ ይህን ታውቃለች?» አለኝ።

«ታውቃለች» አልኩት። «ከሚያዝያ ጀምሮ ታውቃለች። ዝም በይ ብላ እግሬን የሳመችውም እሷ ናት።»

ያን ጊዜ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ። ለአማቱ አላለቀሰም፣ ለእኔ አላለቀሰም፣ ለሚስቱም አላለቀሰም። እናቴ ሌባ መሆኔን እያወቀች በር ትጠብቅልኝ ነበር ወይ እያለ አለቀሰ። አንቺ ፊት ንጹሕ ሆኖ መቅረት ነበር የቀረው ነገር፤ እሱንም አንቺ ወሰድሽበት፣ እኔ አልወሰድኩበትም። ልቤ እሄዳለሁ አለኝ፣ ሄጄ እንደ ልጅነቱ ልይዘው ነበር። እግሬ ግን ቀጥ ብሎ መንገዱን ያዘ። ዞሬ አላየሁትም።

ሙሽሪት ትናንት ለሰፈሩ ሁሉ እየዞረች «አክስቴ ምንም አላደረገችም» እያለች ስትናገር ዋለች። አክስቴ ነው ያለችው። ዛሬ ጠዋት ያቺ «መርፌዋም መርዝ አለው» ያለችው ሴት ጨርቅ ይዛ መጣች። መለስኳት።

የቤት ኪራዩን አትላኪ። ለልጅሽ ላኪለት፤ ክፍል ተከራይቷል አሉ፣ የት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ወሬውን ከፈለግሽ ከእንግዲህ ራሱን ጠይቂው። እኔ ልጅ የለኝም።

ሚጣ